የኋላው መስታወት

እህት፦ ወንድም ጋሼ፣ የመፍቻ ሳጥንህን ለቅዳሜ አውሰኝ። የኮሮላዬ የኋላ ቀኝ መስታወት ወርዶ በሩ ውስጥ ቀርቷል። የሚያወጣውንና የሚያወርደውን ማሽን ራሴ ልቀይረው ነው።

ወንድም፦ ራስሽ ስትይ?

እህት፦ እዚሁ ግቢዬ ውስጥ፣ በገዛ እጄ። በሩን ከፍቼ አሮጌውን አወጣለሁ፣ ሌላውን አስገብቼ እዘጋለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ላስቲክ በስኮች ለጥፌ ነው የምነዳው። ግንቦት እያለቀ ነው፤ ክረምቱ እኔን አይጠብቅም።

ወንድም፦ ሳጥኑ አይገድም። ግን የተበላሸው ማሽኑ መሆኑን በምን አወቅሽ? ስንቱ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ማሽን ገዝቶ፣ በሩን አስፈትቶ ካበቃ በኋላ ነው የተቃጠለው ፊውዝ መሆኑን የሚያውቀው።

እህት፦ በጆሮዬ አወቅሁ። ስዊቹን ስጫነው ሞተሩ በሩ ውስጥ ይዞራል፤ ቅርጭጭ፣ ቅርጭጭ ይላል፤ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሞተሩ ከዞረ ኤሌክትሪኩ ደርሶታል። ፊውዙም፣ ስዊቹም፣ ሽቦውም ደህና ናቸው ማለት ነው። የተቋረጠው ነገር ያለው ከሞተሩ እስከ መስታወቱ ድረስ ነው።

ወንድም፦ ሞተሩ ጸጥ ብሎሽ ቢሆንስ?

እህት፦ መጀመሪያ ከሾፌሩ በር ሆኜ እሞክረው ነበር። ከዚያ ሲታዘዝ ሠርቶ ከኋላው ስዊች እምቢ ካለ፣ ወይ የኋላው ስዊች ነው፣ ወይ ደግሞ ከሾፌሩ ጎን ያለው የልጆች መቆለፊያ ተጭኖ ቀርቷል። ከሁለቱም ካልሠራ የግራውን በር ስዊች ነቅዬ እዚህ ሰክቼ አያለሁ። ስዊቹን ስጫን የጣሪያው መብራት ደብዘዝ ካለ ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ ሞተሩ ግን ተይዟል። ምንም ለውጥ ከሌለ በበሩና በመኪናው አካል መካከል ያለችውን የጎማ ቱቦ እከፍታለሁ። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ሽቦው እዚያ ላይ ይታጠፋል፤ ሲቆይ ይበጠሳል።

ወንድም፦ ምርመራሽ ልክ ነው። ልክ የሆነ ምርመራ ግን ልክ የሆነ እጅ አይደለም። ስሚኝማ። እኔ ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሦስት ዓመት ጋራዥ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። የመጀመሪያውን ዓመት አንዲት ብሎን አልፈታሁም። አሥር ቁጥር ሲሉኝ አሥር ቁጥር፣ ካቻቢቴ ሲሉኝ ካቻቢቴ ማቀበል ነበር ሥራዬ። ያን ጊዜ የተበደልኩ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ፣ ዓመቱን ሙሉ የተማርኩት መስማት ነው። ብሎን ሊበጠስ ሲል ይናገራል። የላስቲክ ክሊፕም ከመሰበሩ በፊት ጣት ላይ የሚሰማ ነገር አለው። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም፤ ቆሜ ሳቀብል ነው የገባኝ።

እህት፦ አልክድህም። ግን ልጠይቅህ፤ መጀመሪያ የሰበርከው ክሊፕ የማን መኪና ላይ ነበር?

ወንድም፦ የደንበኛ።

እህት፦ ተነገረው?

ወንድም፦ አልተነገረውም። ሽፋኑ ተመልሶ ተገጠመ፣ ሰውየው ከፍሎ ሄደ።

እህት፦ እኔ የምሰብረው የራሴን ነው። መሰበሩንም አውቃለሁ።

ወንድም፦ እሱ ላይ መልስ የለኝም። እጅ ሲማር የሚከፍል ሰው መኖሩ አይቀርም፤ ያ ሰው እኔ አልነበርኩም። ቢሆንም ከኋላዬ ሆኖ የሚያየኝ አንድ አሠሪ ጌታ ነበር። ብሎኑን በተሳሳተ አቅጣጫ ሳጠብቅ እጄን ይመታኝ ነበር። ቅዳሜ ከኋላሽ ማን ይቆማል?

እህት፦ እሱን እመጣበታለሁ። በፊት ግን ለምን ወደ ጋራዥ እንደማልሄድ ልንገርህ፤ ገንዘብ መቆጠብ ብቻ እንዳይመስልህ። ባለፈው ዓመት የፊት ግራ በሬ መቆለፊያ ተበላሽቶ አንድ ጋራዥ ሰጠሁት። ሠሩት፤ ተቆለፈ፤ አመሰግናለሁ ብዬ ሄድኩ። ሐምሌ ሲገባ የሾፌሩ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ረጠበ። አደረቅሁት፤ በማግስቱ ደግሞ ረጠበ። መኪናው ውስጥ እንደ ሰነበተ እርጥብ ጨርቅ የሚሸት ነገር ነገሠ። ሁለት ወር ሙሉ ጣሪያውን፣ የፊት መስታወቱን ጎማ፣ ሁሉን ስጠረጥር ከረምኩ። መጨረሻ ላይ የበሩን ሽፋን ነቅዬ ሳየው ላስቲኩ የለም። ከሽፋኑ ጀርባ በጥቁር ማስቲክ የሚለጠፈውን ላስቲክ ቀደው ጥለውታል።

ወንድም፦ ነውር ነው።

እህት፦ ያን ላስቲክ ብዙ ሰው አቧራ መከላከያ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ዝናብ ሁልጊዜም በር ውስጥ ይገባል። መስታወቱን ተከትሎ ይወርድና በበሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል፤ በሩ ሲሠራም ለዚሁ ታስቦ ነው። ላስቲኩ ነው ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይዞር የሚያግደው፤ የታችኛው ጠርዙ ወደ በሩ ሆድ የሚገባውም ጠብታው ተመልሶ እዚያው እንዲወርድ ነው። ላስቲኩ ከሌለ ውኃው በሽፋኑ ጀርባ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ይተኛል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ ደግሞ በሩ እንደ ጋን ውኃ ያቁራል፣ ከታች ይዝጋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በሩን ስለከፈትኩ ነው። መኪናዋን አምስት ዓመት ነድቻት ይህን አላውቅም ነበር።

ወንድም፦ ጥፋታቸውን አልሸፍንልሽም። በእኔ ጊዜም ላስቲኩን በምላጭ ቀዶ «ማን ያየዋል» የሚል ነበር። ግን አንድ ጋራዥ ስለበደለሽ ሙያው በሙሉ ይነቀፋል ወይ? አንድ ሐኪም ቢሳሳት ራስሽን ታክሚያለሽ?

እህት፦ ሙያውን አልነቀፍኩም። ሞተሩን ራሴ ልክፈተው አላልኩም፣ ፍሬኑን ልንካው አላልኩም። ቁስል በቤት ይታጠባል፤ ቀዶ ጥገና ሆስፒታል ይሄዳል። የእኔ ጥያቄ የመስታወት ማሽን የቱ ጋ ነው የሚውለው የሚል ነው። እኔ ቁስል ነው እላለሁ። ነገሩ ሲታይ እኮ አንተ በወጣትነትህ በቮልስህ ላይ በእጅህ ታዞረው የነበረው ነው። ክንድ ባለው ማሽን ላይ ዘንጉ ሲዞር ጥርሳም ብረት ይዞራል፣ ጥርሳሙ ብረት ክንዱን ያነሳል፣ ክንዱ መስታወቱን ይሸከማል። ዛሬ እጃችን በነበረበት ቦታ 12 ቮልት ሞተር ገባ። ኤሌክትሪኩ በአንድ በኩል ሲገባ ያወጣዋል፣ ሽቦው ሲገለበጥ ያወርደዋል። ሌላ ምስጢር የለውም።

ወንድም፦ ቮልስን አነሳሽ። ቮልስ የኋላ በር የላትም፤ የጎኑ የኋላ መስታወትም አይወርድም። እኔ የነካካሁት የፊቱን ነው። የኋላ በር ሌላ ነው። አንቺ የምትዪው ዘንግና ክንድ የፊት በር ላይ ሰፊ ቦታ አለው። የኋላው ጠባብ ነው፣ ከጎማው በላይ ታጥፎ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቁ ይወርዳል፣ ከጥጉ ያለችው ትንሿ አትንቀሳቀስም። በሁለቱ መካከል የቆመ ብረት አለ። ያን ብረት ከላይም ከታችም ፈትተሽ፣ ትንሿን መስታወት አውጥተሽ ካልሆነ ትልቁ መስታወት በብዙ መኪና ላይ አይወጣም። ይህን የማያውቅ ሰው መስታወቱን እየጎተተ ጠርዙን ብረት ላይ ያጋጫል። የጎን መስታወት ደግሞ እንደ ፊት መስታወቱ ተሰንጥቆ አይቀመጥም። መሃሉ ላይ በጡጫ ብትመቺው ይችልሻል፤ ጠርዙ ላይ በጠጠር ብትነኪው ግን በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ይበተናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው፤ እሱን ደግሞ ለቅመሽም አትጨርሺውም። ዓመት ሙሉ ከወንበሩ ስፌት ውስጥ ይወጣል።

እህት፦ ስለ መካከለኛው ብረት አንብቤያለሁ። መስታወቱን ከበሩ ጨርሶ ላለማውጣትም መንገድ አለ፤ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ከክፈፉ አናት በላይ በወፍራም ስኮች በሁለት በሦስት ቦታ አስሮ፣ ማሽኑን ብቻ በታችኛው ቀዳዳ ማውጣት። ማውጣት ግድ ከሆነም ብርድ ልብስ አነጥፌለታለሁ። ሲሚንቶ ላይ አላቆመውም።

ወንድም፦ ስኮቹን የምታስሪው በክፈፉ በሁለቱም ፊት አዙረሽ ይሁን። ክፈፉን ደግሞ መጀመሪያ በቤንዚን ጨርቅ ጥረጊው፤ አቧራ ላይ ስኮች አይዝም። አየሽ፣ እያስተማርኩሽ ነው። ይህን ግን ማድረግ አልፈልግም።

እህት፦ ለምን? እስካሁን ያልከው ሁሉ መጠንቀቅ እንዳለብኝ ነው እንጂ መተው እንዳለብኝ አይደለም።

ወንድም፦ እንግዲህ ይህችን ጣቴን እያት። የግራ ሌባ ጣቴን። ጫፏ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጅ ሆነሽ ጠይቀሽኝ በር ነው ብዬሽ ነበር። በር ነው፤ ግን በር ዘግቶብኝ አይደለም። ክንድ ያለው ማሽን ላይ ጥቅልል ሞላ አለ፤ ሞተሩ መስታወቱን ሲያነሳ የሚያግዘው እሱ ነው። ሞተሩ እንደ ቪቴ የተጠመጠመ ጥርስ አለው። ያ ጥርስ ማሽኑን ያዞራል፣ ማሽኑ ግን እሱን ማዞር አይችልም። ሌባ መስታወትሽን በእጁ ተጭኖ የማያወርደው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ልብ በይ፤ ሞተሩ ያን ሞላ አስሮ ይዞታል። ሦስቱን ብሎን ፈትተሽ ሞተሩን ስታነሺ የያዘው ነገር የለም። ክንዱ በአንድ ጊዜ ይወረወራል። እኔ ጣቴ ጥርሱ መካከል ነበር። ጌታዬ ከኋላዬ ቆሞ እያለ ነው ይህ የደረሰው።

እህት፦ እንዴት ነበር መሆን የነበረበት?

ወንድም፦ ሞተሩን ከመንካትሽ በፊት ጥርሳሙ ብረት ከሰሌዳው ጋር መታሰር አለበት። ሁለቱን የሚያገናኝ ቀዳዳ ታገኛለሽ ወይም ትበሺያለሽ፤ ብሎን አሳልፈሽ በዳዶ ታስሪዋለሽ። ከዚያ ሞላው የትም አይሄድም። የፋብሪካዎቹም የጥገና መጽሐፍ እንዲሁ ነው የሚለው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን የዚያን ቀን ቸኩዬ ነበር፤ ደንበኛው በራፉ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር።

እህት፦ ግቢዬ ውስጥ ቆሞ ሰዓት የሚያይ ሰው የለም፣ ወንድም ጋሼ። ያ ለእኔ ይበልጥ ምክንያት ይሆነኛል። መካኒኩ በቀን አምስት መኪና ማስወጣት አለበት። የእኔ ቅዳሜ ግን ሙሉዋን ለአንዲት በር ናት። ሞላውን በደንብ ማሰር ብችል ደግሞ ደስ ይለኛል። ወይም ሞተርና ማሽን አንድ ላይ የተገጠመውን ገዝቼ ሞላውን ጨርሶ አልነካውም።

ወንድም፦ እሱ ጥሩ መላ ነው። ግን ስታገኚው ነው። ገመድ ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ያ ጥቅልል ሞላ የለውም፤ የብረት ገመዱ ነው የሚያስቸግረው። ሲበጠስ ክሮቹ እንደ መርፌ ይቆማሉ፣ ያለ ጓንት አይነካም። የግራና የቀኝ ደግሞ አንድ አይደሉም፤ ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና ጎን ለጎን አስተያዪ። የሞተሩን የሶኬት እግሮችም ቁጠሪ።

እህት፦ ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድ ነገር ልበልህ? ይህች መኪና ገና ብዙ ዓመት ልትኖር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እንግዲህ ያለችን ያለችን ናት። ከተማው ሙሉ አሮጌ መኪና ጠባቂ ሆኗል። ጋራዡ ሁሉ ሞልቷል። ትንሹን ሥራ ባለቤቱ ካላነሳው፣ ትልቁን የሚያነሳው መካኒክ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ወንድም፦ ለእኔ የነገርሽኝ ተቃራኒ ነው የሚታየኝ። መኪናው አሮጌ ስለሆነ ነው ለጀማሪ የማይሰጠው። አዲስ መኪና ላይ ክሊፕ ሲነቀል ይለጠጣል። የሃያ ዓመት መኪና ላይ ፀሐይ አድርቆታል፤ እንደ ብስኩት ነው። የሽፋኑ ክንድ ማሳረፊያ ከተሰነጠቀ ያን ቀለም ከየት ታገኛለሽ? ሶማሌ ተራ ከተበተነ መኪና ላይ ነው፤ ከተገኘ። ደግሞ ያ መካኒክ የሚኖረው በትንሹ ሥራ ነው። ትንሹን ሁሉ ባለቤቱ ወስዶ ሲያበቃ፣ የተበላሸውንና የተሰበረውን ብቻ ሲያመጣለት፣ ቁልፍ አቀባዩ በምን ይማራል? እኔ የበር ሥራ ባልነበረ የሞተር ሥራ አልደርስም ነበር።

እህት፦ ይህኛው ከባድ ነው። እውነት ነው፣ ልጁ የሚማርበት ነው። ግን እንዴት ነው የሚማረው? ባለመኪናው ምንም ስለማያውቅ፣ የተሰበረው ክሊፕ ስለማይነገረው፣ ላስቲኩ ተቀዶ ስለሚጣል። አንድ ጊዜ በሩን ከፍቼ ያየሁ እኔ፣ በሚቀጥለው ስሄድ «ላስቲኩን መልሱልኝ» እላለሁ። ልጁም ላስቲክ መመለስ እንዳለበት ይማራል። የሚያውቅ ደንበኛ ለመካኒክ ጠላት አይደለም።

ወንድም፦ ለጥሩው መካኒክ አይደለም፤ እሱን እቀበላለሁ። እንግዲህ ስለ ዕውቀት ካነሳሽ ይህን ስሚ። በፈረንጆቹ 2012 ቶዮታ በዓለም ዙሪያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን መልሶ ጠራ። ኮሮላም ቪትዝም ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። በምን ምክንያት ይመስልሻል? በመስታወት ስዊች። የሾፌሩ በር ላይ ያለው ስዊች ፋብሪካ ሲሠራ ግሪሱ እኩል አልተቀባም፤ ሲቆይ ሻካራ ይሆናል፣ ይያዛል። ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል? ከሱቅ የገዛውን ቅባት ይነፋበታል። ኩባንያው ራሱ ያስጠነቀቀው ያ ቅባት ስዊቹን አቅልጦ ጭስና እሳት ሊያመጣ እንደሚችል ነው። አየሽ? ሰውየው ክፉ አላሰበም። ቤቱ ሆኖ መኪናውን ሊያለሰልስ ነው። የማያውቀውን ግን አላወቀም።

እህት፦ ታሪኩን አንተ ከጨረስክበት አይደለም እኔ የምጀምረው። መጀመሪያ የሳተው ፋብሪካው ነው፣ ከነመሐንዲሱ፣ ከነመቆጣጠሪያው። ሁለተኛ፣ «ይህን አትንፉበት» የተባለው ለማን ነው? ለባለመኪናው ነው። ባለመኪናው እጁን እንደሚያስገባ ስለሚያውቁ ነው የነገሩት። የሚያድነው በሩን ቆልፎ አትንካ ማለት አይደለም፤ የሚነካው ሰው የሚነካውን እንዲያውቅ ማድረግ ነው። እኔ ስዊች ላይ ቅባት አልነፋም፤ አሁን ከአንተ ሰምቻለሁ። መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ጎማ ደግሞ በዘይት አልቀባም፤ ዘይት ጎማውን ያበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል። ሲሊኮን ነው።

ወንድም፦ አዎ ሲሊኮን ነው። እሺ፣ እስካሁን ዙሪያውን ነው ስዞር የቆየሁት፤ አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ጣቴ ሲቆረጥ የእኔ ጣት ነበር። መስታወት ብትሰብሪ የአንቺ መስታወት ነው። ክሊፕ ብትሰብሪ የአንቺ ክሊፕ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ግን አንቺ አይደለሽም። ልጅሽ ነው። አምስት ዓመቱ ነው። መስኮት ላይ አገጩን አስደግፎ ነው የሚሄደው፤ አይቼዋለሁ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ መስታወቱ በራሱ ሲዘጋ እጅ ሲነካው ተመልሶ ይወርዳል። አሜሪካኖቹ በራሱ ለሚዘጋ መስታወት ግፊቱ 100 ኒውተን ሳይደርስ እንዲመለስ በሕግ ወስነዋል፤ አሥር ኪሎ ግድም ማለት ነው። ስዊቹም ወደ ላይ ተስቦ ብቻ እንዲዘጋ ያደረጉት ልጅ በጉልበቱ ወይም በክርኑ ተደግፎበት እንዳይዘጋው ነው። የአንቺ መኪና የኋላ መስታወት ያ መመለሻ የለውም። እስኪገታ ድረስ ይገፋል። አንቺ ብሎኑን ሳታጠብቂ ብትቀሪ መስታወቱ ዘምሞ ይያዛል፤ ልጁ ስዊቹን ደጋግሞ ይጫናል፤ በእጁ ሊያግዘው ጣቱን ያስገባል። ከዚያ ድንገት ይለቃል። የፊቱ በር ቢሆን ይህን ያህል አልከራከርሽም ነበር።

እህት፦ ...

ወንድም፦ ዝም አልሽ።

እህት፦ ዝም ያልኩት ስላላሰብኩበት አይደለም። ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው። ግን ወንድም ጋሼ፣ ያ ብሎን ጋራዥ ውስጥ ሳይጠብቅ ቢቀር የሚቀመጠው ያው ልጅ ነው። ጋራዡ መኪናውን ሲመልስልኝ መስታወቱን ሃያ ጊዜ አውጥቶ አውርዶ ያየ ማን አለ? አንድ ጊዜ ጫን፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ሂሳብ። ልጁ እዚያ እንደሚቀመጥ የማውቀው እኔ ነኝ። አገጩን እንደሚያስደግፍ የማውቀው እኔ ነኝ።

ወንድም፦ መውደድ ብሎን አያጠብቅም።

እህት፦ አያጠብቅም። የጠበቀውን ግን ተመልሶ ያያል። እስቲ አስብ፤ ብሎኖቹን መጀመሪያ በእጄ ብቻ ይዤ፣ መስታወቱን ቀስ ብዬ እስከ አናቱ አወጣዋለሁ፤ ከጎማው ውስጥ ቦታውን ራሱ ያገኛል። ከዚያ ላይ ሳለ ነው የማጠብቀው። መልሼ አወርደዋለሁ፣ አወጣዋለሁ፣ የፊቱና የኋላው ጠርዝ እኩል መድረሱን አያለሁ። ሽፋኑን ሳልገጥም። ላስቲኩንም ሳልመልስ። ውስጡ እየታየኝ።

ወንድም፦ ላይ ሳለ ማጥበቁን ከማን ሰማሽ?

እህት፦ ከአንተ። የዛሬ ዓመት የጎረቤታችንን ሚኒባስ ስታስተካክል ቆሜ ነበር።

ወንድም፦ አቤት። እኔ አንቺ ሻይ ይዘሽ የቆምሽ መስሎኝ ነበር።

እህት፦ ሻይም ይዤ ነበር። እንግዲህ ቅድም የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ ቅዳሜ ከኋላዬ ማን ይቆማል ብለህ ነበር። አንተ ቁም። እጅህን በሩ ውስጥ አታስገባ፣ ሥራውን አትቀማኝ። ቁልፍ አቀባይ ሁንልኝ።

ወንድም፦ እሺ አቀብላለሁ። ሐሳቤ ግን አልተለወጠም፤ የኋላ በር ለጀማሪ አይሰጥም እላለሁ፣ ነገም እለዋለሁ። ስቆም ደግሞ እንደ ጌታዬ ነው የምቆመው። ሞላው ሳይታሰር ሞተሩን ከነካሽ ሳጥኑን ዘግቼ እሄዳለሁ። የበሩ ቀዳዳ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፤ እጅጌ ያለው ልብስ ልበሺ። የባትሪውን ነጌቲቭ የምትፈቺው መስታወቱን ካወጣሽና ካሰርሽ በኋላ ነው፤ ከፈታሽ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቂ፣ ኤርባግ ያለው መኪና ነው።

እህት፦ እጠብቃለሁ።

ወንድም፦ ሽፋኑን ከዘጋሽው በኋላ ደግሞ በመስታወቱና በክፈፉ መካከል የጥድ እንጨት አስገብተሽ ዝጊበትና እይው። እንጨቱ ላይ የሚተወውን ምልክት እይው። ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ ጣት እንነጋገራለን።

እህት፦ አየዋለሁ። ለእሱም አሳየዋለሁ።

ወንድም፦ አሳዪው። አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። መስታወቱ ደህና ሠርቶ እንኳ፣ አንድ ወር ሙሉ ልጁ የኋላውን ስዊች እንዳይነካው ቆልፈሽ ንጂ። መቆለፊያው ሾፌሩ በር ላይ ነው፣ ከአራቱ የመስታወት ስዊቾች አጠገብ፤ ተጭነሽው ከኋላው ስዊች ሞክሪና መሥራት ማቆሙን አረጋግጪ።